ሥራ የማያበዛ ካርድ፦ ኤልኤስአይ 9211-8አይ ከሊኑክስ ጋር፣ ጎንደር ላይ

ቸኩሎ ለሚያነብ ፍርዱን ላስቀድም። ብዙ ሃርድ ዲስክ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሰክቶ ሊኑክስ ለሚያሠራ ሰው፣ ብዙ ዲስክ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ያገለገለ ኤልኤስአይ 9211-8አይ ካርድ ወይም በዚያው ቺፕ የተሠራ ሌላ ካርድ ዋጋውን አሳምሮ ያወጣል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ስለሚሞቅ፣ ኬብሉ ስለሚያምታታና አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣም ስለሚል ነው። ሦስቱም መላ አላቸው።

ፒያሳ ቪዲዮ ቤት አለኝ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እንቀርጻለን። ኮምፒውተር አልተማርኩም። ግን ዲስክ እየሞላ የሚያስቸግረው ሰው ቀስ በቀስ ሳይወድ በግዱ ይማራል። ጥር ላይ ጎንደርን ያየ ያውቀዋል። 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ሚካኤል፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ፋሲል ግቢ ገብተው ካልተነሡ የተጋቡ አይመስላቸውም። በ4ኬ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ይበላል። ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ቢቀርጽ 360 ጊጋ ሆነ ማለት ነው። ይሄ የአንድ ሠርግ ነው፣ መልሱ ሳይቆጠር። ማጥፋት ደግሞ አይቻልም። ሰው ከዓመታት በኋላ ይመጣና «ሲዲው ተጫረብን፣ ልጃችን ትየው ብለን ነው» ይላል። «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ መመለስ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሰርቨር አስጭኜ አመጣሁ። የሠሪውንም የሻጩንም ስም ልተወው። ሰርቨሩ ደህና ነው። ችግሩ ውስጡ የነበረው ሬይድ ካርድ፣ ማለትም ዲስኮችን አጣምሮ የሚያስተዳድረው ካርድ ነው። 4 ቴራ ዲስክ ስሰካ 2 ቴራ ነው የሚለኝ። ሌላ 4 ቴራ ስሰካም ያው 2 ቴራ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ 4 ቴራውን 2 ቴራ አደረገብኝ።»

«ሊኑክስ ስለጫንሽ ነው። ዊንዶውስ ጫኚበት።»

«ዊንዶውስ ምን ያደርገዋል? ካርዱ ነው እኮ የማያየው።»

«አይ እንግዲህ፣ እኛ ጋ ሲሞከር ሠርቷል።»

ሠርቷል፣ ውሸት የለውም። በ2 ቴራ ዲስክ።

ነገሩ ከሊኑክስም ከዊንዶውስም በታች ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ባለ 3 ጊጋቢት ሬይድ ካርዶች ብዙዎቹ የዲስኩን ክፍሎች የሚቆጥሩት በ32 ቢት ቁጥር ነው። 32 ቢት እስከ 4.29 ቢሊዮን ገደማ ይቆጥራል። እያንዳንዱ ክፍል 512 ባይት ነው። ሲባዛ 2.2 ቴራ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ካርዱ አያውቀውም። ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) ብታድሱ፣ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አጥፍታችሁ ኡቡንቱ የሚባለውን ብትጭኑ ጠብ የሚል ነገር የለም። «ሊኑክስ አይስማማውም» የሚባለው ወሬ ግማሹ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ወቀሳው ሊኑክስ ላይ ይወድቃል፣ ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ባይሆንም ሬይድ ካርድ ለእኔ ዓይነት ሥራ አይመቸኝም። ዲስኮቹን ደብቆ እሱ ራሱ የፈጠረውን አንድ ትልቅ ዲስክ ለሊኑክስ ያሳያል። የትኛው ዲስክ እየታመመ እንደሆነ ለማየት በካርዱ በኩል ዞራችሁ ነው የምትጠይቁት። የመጻፊያ ካሹን (ጊዜያዊ ማቆያውን) የሚጠብቀው ባትሪ ካረጀ ደግሞ ካርዱ ካሹን ይተውና ጽሑፉ ይጎተታል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ያ ባትሪ በደህና ቀን አይገኝም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ካርዱ ራሱ ከሞተ የእሱን ዓይነት ካርድ ፍለጋ ነው። ጎንደር ላይ የሞተ ሬይድ ካርድ ተተኪ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የፈለግሁት ዲስኩን ዝም ብሎ የሚያሳይ ካርድ ነው። ኤችቢኤ ይሉታል። ስምንት ዲስክ ከሰካችሁ ስምንት ዲስክ ለሊኑክስ ያስረክባል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ማጣመሩን ሊኑክስ ራሱ ይሠራዋል።

እዚህ ላይ የስም ጣጣ አለ። የ9211-8አይ ቺፕ ኤስኤኤስ2008 ይባላል። ይሄው ቺፕ የዴል ፐርክ ኤች200 እና ኤች310 ውስጥ አለ። የአይቢኤም ኤም1015 ውስጥም አለ። ሠሪውን ኤልኤስአይን ደግሞ በፈረንጅ 2014 አቫጎ ገዛው። አቫጎ በ2016 ብሮድኮምን ገዛና የብሮድኮምን ስም ወሰደ። ስለዚህ አንዱ ቺፕ በብዙ ስም ይሸጣል፣ ፈርምዌሩም (ካርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ስትፈልጉት በሌላ ስም ነው የሚገኘው። በተለጣፊው ስም አትመኑ። ካርዱ የሚሠራበት ሰው ዘንድ ካለ፣ ሊኑክስ ላይ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትዕዛዝ በሰረዝ ኤንኤን አስነሥቶ የሚወጣውን መስመር ፎቶ ይላክላችሁ። 1000:0072 የሚል ካያችሁ የምትፈልጉት እሱ ነው። 1000 የሠሪው ኮድ ነው፣ 0072 ደግሞ ቺፑ። 0073 ካለ ቺፑ ያው ሆኖ የሬይድ ፈርምዌር ተጭኖበታል ማለት ነው። መቀየር ይቻላል፣ ግን ሥራ አለው። የተቀየረውን መግዛት ይሻላል።

የእኔን ካርድ አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ ገባች። በሹራብ ጠቅልላዋለች። ፈትታ ስታየው «ይሄ ብረት ነው ያስመጣሽኝ? በዚህ ገንዘብ ሽቶ አይሻልሽም ነበር?» አለችኝ። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ዕቃ ስንት እንደሆነ የምታውቁት ነው። ቢሆንም አዲስ ካርድ ከማስመጣት ጋር ሲተያይ ይሄ ምንም አይደለም። ካርዱ ለአንድ ሰርቨር ሠሪ ተብሎ የተመረተ ነው፣ ሻጩ ግን ፈርምዌሩን ዲስኩን ዝም ብሎ ወደሚያሳየው ወደ አይቲ ሞድ ቀይሮታል። አይአር የሚሉትም አለ፣ እሱ ትንሽ ሬይድ ይሠራል። እናንተ አይቲውን ጠይቁ።

ሰርቨሩ እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚጮኽ ዲስኮቹን ወደ ተራ ዴስክቶፕ አዛወርኳቸው። ኤዲት የምናደርግበት ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሙዚቃ ማመሳሰል አለብን። ካርዱን ረጅሙ የፒሲአይ ስሎት ላይ ሰክቼ ማብሪያውን ስጫን ፋኖቹ ዞሩ። ስክሪኑ ጥቁር። ካርዱን ሲነቅሉት ይነሣል፣ ሲሰኩት ይጨልማል።

ማራኪ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ። ስሙን ሳልጽፍ ላመስግነው። ዕቃ ሳይፈታ «ሞቷል» የማይል ሰው ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ብርቅ ነው። ካርዱን አገላብጦ አየና «የጥፍር ቀለም አለሽ?» አለኝ። ያሾፈ መሰለኝ። አላሾፈም።

ስሎቱ ውስጥ የሚገቡት የካርዱ ወርቃማ ጣቶች መሃል ክፍተት አለ። ከክፍተቱ በፊት፣ ከብረት ማሰሪያው በኩል ባለው አጭር ክፍል፣ በእያንዳንዱ ገጽ 11 ጣት አለ። ቺፑ ባለበት ገጽ ማለትም በቢ ወገን 5ኛውና 6ኛው ኤስኤምባስ የሚባለው መስመር ናቸው። ሰርቨር ካርዱን የሚያነጋግርበት ነው። አንዳንድ ተራ ማዘርቦርድ ላይ ያ መስመር ከራሙ መለያ ጋር ይጋጭና ኮምፒውተሩ ሳይነሣ ይቀራል። መላው ሁለቱን ጣቶች መሸፈን ነው። ሙቀት የሚችል ቀጭን ቴፕ ካለ እሱ ይመረጣል። እኛ ጋ አልነበረም። ልጁ ቀለም የሌለውን የጥፍር ቀለም በጥርስ መፋቂያ ጫፍ አስነክቶ ሁለቱን ብቻ ቀባ። ጎረቤት ጣት እንዳይነካ ትንፋሹን ይዞ ነው የሠራው። ደረቀ፣ ሰካነው፣ ተነሣ። ዲስኮቹ እንዲታዩ እነዚያ ሁለት ጣቶች አያስፈልጉም። ሌላ ጣት ላይ ከፈሰሰ ግን በአልኮል ማስለቀቅ ነው።

ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ያለው ፍተሻ ሦስት ጥያቄ ነው። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ብዙ ድካም ይቀራል። መጀመሪያ ካርዱ ኤልኤስፒሲአይ ላይ ይታያል ወይ? ካልታየ ነገሩ ብረት ነው፤ ስሎቱን፣ ጣቶቹን፣ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ማስተካከያ) እዩ። ኢንስታለር ስትቀያይሩ አትዋሉ። ከታየ፣ ድራይቨር (ሊኑክስ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) ይዞታል ወይ? ያው ትዕዛዝ በሰረዝ ኬ ሲነሣ ይናገራል። ድራይቨር ከሌለው ችግሩ የጫናችሁት ሊኑክስ ነው። ድራይቨር ይዞት ዲስክ ከሌለ ደግሞ ኬብል ወይም የዲስኩ ኃይል ነው።

ስለ ድራይቨሩ። የዚህ ቺፕ ድራይቨር ድሮ ኤምፒቲ2ሳስ ይባል ነበር። ከከርነል 4.4 ጀምሮ ኤምፒቲ3ሳስ ውስጥ ተጠቃልሏል። የከርነሉ መልእክት ላይ ግን አሁንም ኤምፒቲ2ሳስ ብሎ ይጽፋል፣ አይደንግጣችሁ። ዋናው ከርነል ቺፑን አልተወውም። እኔ ዴቢያን 12 ነው የጫንኩት፣ ከርነሉ 6.1 ነው፤ ምንም ሳልጨምርበት ዲስኮቹን አየ። ሬድ ሃት የሚባለው ሌላው የሊኑክስ አዘጋጅ ግን በፈረንጅ 2019 ባወጣው 8ኛ እትም ከድራይቨሩ ውስጥ የብዙ አሮጌ ካርዶችን መለያ ቁጥር አውጥቷል፣ 0072ም አንዱ ነው። ዝርዝሩን ራሱ አትሞታል። ድራይቨሩ አለ፣ ኮዱም ይችለዋል፣ ቁጥሩ ግን ስለሌለ ካርዱን አይነካውም። ከዚያ እትም ተቀድቶ የወጣው ሮኪ 8ም ያንኑ ይወርሳል። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጓደኛዬ የዚያ ወገን ሰው ነው። ለእንደሱ ዓይነቱ ኤልሪፖ የሚባለው ማኅበረሰብ የተወገዱትን ድራይቨሮች መልሶ ያዘጋጃል፣ ለኢንስታለሩም የሚሆን የድራይቨር ዲስክ አለው። ይሠራል፣ ግን ከርነል በታደሰ ቁጥር ልብ ማለት ነው። እኔ ለዚህ ጊዜ የለኝም። ሙሽራ ይጠብቀኛል።

እዚያው መልእክት ላይ የፈርምዌሩ ቁጥርም ይታያል። 20.00.07.00 የሚል ከሆነ ደህና ነው። የ20 የመጀመሪያዎቹ እትሞች ችግር ነበረባቸው፣ 20.00.00.00 ካያችሁ አሻሽሉት።

ኬብሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ካርዱ ላይ ሁለት 8087 የሚባሉ ሶኬቶች አሉ። ከእያንዳንዳቸው አራት ሳታ (የተራ ዲስክ መሰኪያ) ጫፍ ያለው ኬብል ይወጣል። ይሄ ኬብል ሁለት ዓይነት ነው፦ ፎርዋርድና ሪቨርስ። ፎርዋርዱ ከካርድ ወደ ዲስክ ነው። ሪቨርሱ ከማዘርቦርድ ሳታ ወደ ሰርቨር የዲስክ መደርደሪያ ነው። መልካቸው አንድ ነው። ጫፋቸው አንድ ነው። ሁለቱም ይሰካሉ። ሪቨርሱን ከሰካችሁ ግን ካርዱ ይታያል፣ ድራይቨሩ ይይዘዋል፣ ዲስክ ግን የለም። የስሕተት መልእክት እንኳ የለም፣ ጸጥ ነው። መጀመሪያ የተላከልኝ ሪቨርሱ ነበር። ላኪው «ኬብል ኬብል ነው» አለ። ፎርዋርዱ ሲመጣ ዲስኮቹ በአንዴ ተደረደሩ። ስታዝዙ በግልጽ «ፎርዋርድ» በሉ።

ሙቀቱ። እነዚህ ካርዶች የተሠሩት የፋን ነፋስ በደንብ ለሚነፍስበት ሰርቨር ነው። ዴስክቶፕ ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጠ የቺፑ ማቀዝቀዣ ጣት አያስጠጋም። 40 ሚሊሜትር ፋን በፕላስቲክ ማሰሪያ አስረንበታል። አያምርም፣ ይሠራል።

ያለበለዚያ ፍጥነቱ ይበቃል። ካርዱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 ነው፣ ባለ ስምንት መስመር፣ በሰከንድ እስከ 4 ጊጋባይት ድረስ። ስድስት ሜካኒካል ዲስክ እያንዳንዱ 200 ሜጋባይት ቢሰጥ እንኳ 1.2 ጊጋባይት ነው። የሚያንቀረፍፈኝ የክፍሉ ባለ 1 ጊጋቢት ኔትወርክ እንጂ ካርዱ አይደለም። ኤስኤስዲዬን ግን ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሰካሁት፣ ሲስተሙም እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ከእሱ ዲስክ ለመነሣት የሚያገለግለው ባዮስ ሮም አላስፈለገም፣ ማሽኑም ቶሎ ይነሣል። ሌላ ጥቅም፦ ኤስኤኤስ (የሰርቨር ዲስክ መሰኪያ) ካርድ ሳታ ዲስክ ይቀበላል፣ የማዘርቦርድ ሳታ ግን ኤስኤኤስ ዲስክ አይቀበልም። አዲስ አበባ ላይ በርካሽ የሚሸጡ ያገለገሉ ኤስኤኤስ ዲስኮች ካጋጠሟችሁ ይሄ ካርድ ካለ ይሆናሉ። ኬብላቸው ግን የተለየ ነው።

ስድስት ባለ 4 ቴራ ዲስክ ኤምዲአድም በሚባለው የሊኑክስ ማጣመሪያ ሬይድ 6 አድርጌ 16 ቴራ አገኘሁ። ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ ፋይሉ አይጠፋም። የማጣመሩ መረጃ ዲስኮቹ ላይ ስለሚጻፍ ካርዱ ቢሞት ዲስኮቹን ነቅዬ ሊኑክስ ያለበት ሌላ ማሽን ላይ አስነሣቸዋለሁ። መብራት ሲጠፋም ቢትማፕ የሚባለው መዝገብ የተጻፈበትን ቦታ ስለሚይዝ፣ ሲመለስ ሁሉንም ዲስክ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይፈትሽም። ትልቅ ድርድር ስትፈጥሩ ኤምዲአድም ራሱ ያበጀዋል። ቢሆንም ትንሽ ዩፒኤስ ግድ ነው። ሬይድ ባክአፕ አይደለም፣ የተከፈለባቸውን ሠርጎች በሌላ ዲስክ ቤቴ አስቀምጣለሁ።

አራት አምስት ዲስክ ብቻ ላለው ሰው ይሄ ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል። ኤኤስኤም1166 ቺፕ ያለበት ባለ 6 ሳታ ካርድ፣ ወይም ጄኤምቢ585 ያለበት ባለ 5፣ ኤኤችሲአይ በሚባለው የጋራ ደንብ ስለሚሠሩ ሊኑክስ ያለ ምንም ጣጣ ያያቸዋል። ኬብላቸው ተራ ሳታ ነው፣ ሙቀታቸውም ይቀላል። ርካሽ ሆኖ ብዙ ወደብ የሚያሳይ ካርድ ካያችሁ ግን ቺፑን ጠይቁ፤ አንዱን ወደብ ለብዙ የሚያካፍል ይሆናል። የማርቬል 9230 ቺፕ ያለበት ካርድ ደግሞ ባዮስ ላይ ቪቲ-ዲ የሚባለው የቨርቹዋላይዜሽን ቅንብር ሲበራ ሊኑክስ ላይ ዲስኮቹ ከዕይታ እንደሚጠፉበት የታወቀ ነው። እሱን የያዘ ሰው ካለ ቪቲ-ዲን አጥፍቶ ይሞክረው።